በግንባሩ የተደፋው መጽሔት

ኤልፍነሽ ሰው ስትወድም ስትጠላም ፊቷ ላይ ይነበባል፤ ደብቂ ቢሏትም አትችልበትም። ባሕር ማዶ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ባለ ሱቅ ካሸር ሆና ስትሠራ፣ ሲጋራ የሚገዛ ጎረምሳ መታወቂያውን ሲያወጣ «ሳንባህንስ ጠይቀኸዋል?» ትለዋለች። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሃብታሙ ደንበኛ ታባርርብኛለች ብለው ይነጫነጫሉ፤ ቁልፉን አምነው የሚሰጡት ግን ለሷ ብቻ ነው። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተደርድረው የነበሩትን፣ ሴት ራቁቷን የምትታይባቸውን የወንዶች መጽሔቶች ያስወረደችውም እሷ ናት። «ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ እኔ ልውጣ» አለቻቸው። ጋሽ ሃብታሙም ጥቂት ካሰላሰሉ በኋላ እነሱን አስወጡ።

ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ባለው ሁለተኛው ሱቃቸው ግን ቃሏ አይሰማም፤ መጽሔቶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ያን ሐሙስ የዚያኛው ሱቅ ሠራተኛ ታማ ቀረችና፣ ጋሽ ሃብታሙ ኮል አድርገው «አንድ ሺፍት ብቻ ያዢልኝ» ብለው ለመኗት። ሄደች እንጂ ልቧ ሥራው ላይ አልነበረም። ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣባታል። ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራውን አንድ ልጇን ፌበንን፣ ብሩኪ የሚባል የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ ሊጠይቃት ነው።

ብሩኪ የወጣት ወንዶች ኅብረት መሪ ነው። እነዚህ ወንድሞች አንድ ልማድ አላቸው፤ ስልካቸው ላይ አፕ ጭነው አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። አንዱ የማይሆን ነገር ከከፈተ ለሌሎቹ መልእክት ይደርሳቸዋል። ፌበን ይህን ስታወራ ፊቷ ይበራል። «እማዬ፣ የብሩኪ ስልክ ክሊን ነው፤ ወንድሞች ሁሉንም ነገር ያዩታል» ትላለች። ኤልፍነሽም እንዲህ ያለ ወንድ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል እያለች ጌታን ስታመሰግን ከርማለች።

ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ጭር ባለበት፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰው ገባ። ወተት አነሳ፤ ቺፕስ አነሳ፤ ላይኛው መደርደሪያ ጋ ሲደርስ ቆየት አለ። ኤልፍነሽ መጽሔት ሊገዛ የመጣን ሰው ገና ከበሩ ታውቀዋለች፤ የማይፈልገውን ነገር አስቀድሞ ይሰበስባል። ሰውዬው መጣና ወተቱን ከላይ፣ መጽሔቱን ከሥር በግንባሩ ደፍቶ አስቀመጠ። ስካን ልታደርገው ገለበጠችው። ገንዘብ ሊከፍል ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ።

ብሩኪ ነበር። ሐበሻ በሚበዛበት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ሸሽቶ፣ በስትሪትካር ባቡር ከተማውን አቋርጦ መጥቶ፣ አማቱ ልትሆን ሁለት ቀን በቀራት ሴት እጅ ላይ ወደቀ።

«እትዬ ኤልፍነሽ... እዚህ ነው እንዴ የሚሠሩት?»

«ዛሬ እዚህ ነኝ።» እጇ መጽሔቱ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

«ለ... ለጓደኛዬ ነው።»

«ጓደኛህ እግር የለውም?»

ብሩኪ ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበ። ኤልፍነሽም ነገሩ የገባት ያኔ ነው።

«ስልክህን ወንድሞች ያዩታል። ወረቀት የሚያይብህ የለም። አይደለም?»

«እትዬ፣ ስለ ጌታ ብለው ለፌበን እንዳይነግሩብኝ። ስታገለው ነው የኖርኩት፤ እተወዋለሁ።»

ለመጮህ አፏን ከፍታ ነበር፤ ልጁ ሲንቀጠቀጥ ስታይ ተወችው። «አልነግራትም» አለችው። «የምትነግራት አንተ ነህ። እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለህ። ከነገርካት እኔ ትንፍሽ አልልም፤ ይቅር ብትልህም ባትልህም የራሷ ጉዳይ ነው። ካልነገርካት ግን እኔ እነግራታለሁ።»

«እነግራታለሁ። ቃሌ ነው» አለና ወተቱንም መጽሔቱንም ጥሎ ወጣ።

መጽሔቱን መልሳ ልትሰቅለው ተነሳችና፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ገለጠችው። ገላ አይታ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም፤ ወልዳለች፣ ሥራ ብላ አዛውንት አጥባለች። ያናደዳት ሌላ ነው። ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት አላቸው፤ ከንፈራቸውን ከፈት አድርገው ይጠብቃሉ። አንዷም አልደከማትም። አንዷም ሆዷ ላይ የወሊድ መስመር የላትም። «ዛሬ አሞኛል፣ ተወኝ» የምትል አንዲት እንኳ አትታይም። መሀል ገጽ ላይ ያለችው የፌበን እኩያ ትሆናለች። እናቷ የት ሆና ይሆን አለች፤ አዘነችላትም፣ ተቆጣቻትም። እነዚህን ሲያይ የኖረ ዐይን፣ የምታኮርፈውን፣ የምትከራከረውን፣ ጉንፋን ሲይዛት አፍንጫዋ የሚቀላውን ልጄን ሲያይ ምን ይላል? መጽሔቱን ዘግታ፣ በግንባሩ ደፍታ ቦታው መለሰችው።

ዓርብ ፌበን መዝሙር እያንጎራጎረች ከሥራ ገባች።

«ብሩኪ ደውሎልሽ ነበር?»

«አዎ፣ ብዙ አወራን።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አዳራሹ፣ ስለ ሃኒሙን... ምነው እማዬ?»

«ምንም።» ድስቱን ማማሰል ቀጠለች፤ የምታማስለው ድስት ግን ከወረደ ቆይቷል። ፌበን ልትታጠብ ስትገባ ለብሩኪ ደወለች፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች። ቀጥሎ አጭር መልእክት መጣ፤ «ነገ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ።»

ቅዳሜ ነጋ። ኤልፍነሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። አንዴ ጋሽ ሃብታሙ ናቸው፤ አንዴ የማታውቀው ቁጥር ነው። ምግቡ ተሰናዳ፣ ቤቱ ተወለወለ፣ ብሩኪ የለም። ሽማግሌዎቹ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ፌበን መኝታ ቤት ልብስ እየለበሰች ነበር። ኤልፍነሽ ገባችና በሩን ዘጋች።

«ብሩኪ የነገረሽ ነገር አለ?»

«የምን ነገር?»

ነገረቻት። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ሱቁን፣ መጽሔቱን፣ የገባውን ቃል።

«እማዬ! ዛሬ? ሽማግሌ መንገድ ላይ እያለ?» ፌበን ፊቷ ተለዋወጠ። «መጽሔት ነው እኮ! ሰው አልገደለም። ወንድ ሁሉ...»

«አባትሽም ይገዛ ነበር» አለች ኤልፍነሽ።

ይህን ለማንም እነግራለሁ ብላ አስባ አታውቅም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን መመለስ አልቻለችም። «አንቺን የወለድኩ ሰሞን ነው። በሚነዳው ታክሲ ውስጥ ከወንበሩ ሥር አገኘሁት፤ ምንም አላልኩትም። ማታ ልብሴን ስቀይር አየኝ። አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትሽ እስኪሞት ድረስ ልብሴን የማወልቀው መብራት አጥፍቼ ነው።»

የፌበን እጅ ዚፑ ላይ ቆመ። ኢንተርኮሙ ጮኸ።

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። እንደ ወጉ ፈቃድ እስክናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። የሚናገሩት ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ፌበን ራሷ ወጣች። ልጅቷ ሳትጠራ አትወጣም፤ ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«ጋሼ፣ ብሩኪ የት ነው?»

«ታች መኪና ውስጥ ነው፣ ልጄ። ምነው?»

«ወደዚህ ይምጣልኝ።»

«እንዲህ ያለ ደንብ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እሱን ደግሞ እርስዎ ሊመልሱልኝ አይችሉም።»

ተደወለለት። ብሩኪ ሙሉ ልብስ ለብሶ ገባ፤ መጀመሪያ ያየው ኤልፍነሽን ነው።

«ለእማዬ ቃል የገባህላት ነገር አለ?» አለችው ፌበን።

ኤልፍነሽ በልቧ «በል ንገራት፣ ልጄ፣ ንገራት» አለች ሳይታወቃት። እውነቱን ቢናገር እሷው ራሷ ልትለምንለት ዝግጁ ነበረች። ብሩኪ ሽማግሌዎቹን አየ። ጫማውን አየ።

«የምን ቃል?» አለ። «ሚስአንደርስታንዲንግ ይመስለኛል፤ አልተግባባንም።»

ፌበን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ ደክማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለብሩኪ የምትሆን ልጅ ግን እዚህ ቤት የለችም።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ምክንያቱን ቢጠይቁ «እሱን ይጠይቁት» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ሳይቀመጡ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ፌበን ከነቀሚሷ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ኤልፍነሽ ጎኗ ተቀመጠች፤ ታለቅስ ይሆናል ብላ ትከሻዋን አዘጋጀችላት። ፌበን አላለቀሰችም።

«አንቺ ግን ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት።

«ዝም ማለት ትዳር መጠበቅ ይመስለኝ ነበር።»

ፌበን እናቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ግንባሯን፣ አንገቷን፣ ጭኗ ላይ ያረፉትን እጆቿን። «እማዬ» አለች፣ «ቆንጆ ነሽ እኮ።»

ልጇን ላባብል ብላ የተቀመጠችው ኤልፍነሽ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።