ከማካፈያው በፊት

ዓረብ አገር፣ ሙረባዕ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የድምፅ ዕቃ መጠገኛ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ጋሽ ሰይድ አንድ የተበላሸ አምፕሊፋየር ፊቴ አስቀመጠና ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደ። «መጀመሪያ ፎቶ አንሳው። ከመንካትህ በፊት እንዴት እንደነበረ ካላወቅህ፣ ከነካኸው በኋላ ምን እንዳደረግህ አታውቅም» አለኝ።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ የሱቁ ዋና ጠጋኝ እሱ ነበር። እኔ ሙያውን የለመድኩት መንሱራ ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር በምንኖርበት ክፍል፣ ሰው የጣለውን ሬዲዮ እየፈታሁ ነው። ትእዛዙን አጥብቄ ያዝኩ። የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለም ሳይቀር እመዘግብ ስለነበር ይስቅብኝ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመቴ አቡ ቱርኪ የሚባል ጊታሪስት አንድ አሮጌ ፔዳል አመጣ። ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር፣ ከአባቱ የወረሰው ዕቃ ነው። «አባቴ ሲጫወትበት እንደ ማር ወፍራም ነበር። አሁን እንደ ንብ ይጮሃል» አለን። በቅርቡ የጊታሩን ድምፅ ለሁለት አምፕሊፋየር የሚያከፋፍል ማካፈያ መግዛቱንም ነገረን። ልብ አላልነውም።

እኔ ጊታር አልጫወትም። እንደ ልማዴ ፔዳሉን የሙከራ ድምፅ ከሚሰጠው መሣሪያ ጋር አገናኘሁት። እውነትም ይጮሃል። ጋሽ ሰይድ ሰማና «ትራንዚስተሮቹ አርጅተዋል። ኸላስ፣ አበቃላቸው፤ ቀይራቸው» አለ።

ሁለቱም ከጀርማኒየም የተሠሩ፣ የድሮ ዓይነት ናቸው። ሲነቀሉ የመበየጃው ካውያ ትንሽ ከቆየባቸው ይሞታሉ፤ ከፔዳሉ ጋር የሚስማማ ሌላ ጥንድም እንደ ልብ አይገኝም። እነሱ ከጠፉ የአባትየው ድምፅ ጠፋ ማለት ነው። አቡ ቱርኪም ይህን ያውቃል። ሲነቀሉ ልይ ብሎ ከዐስር ሶላት በኋላ ጊታሩን ተሸክሞ መጣ።

ካውያው ግሏል። ፎቶውን አንስቻለሁ። የድምፁ ማስረጃ ግን አልነበረኝም። «ሳልነቅላቸው አንዴ ተጫወትልኝ፣ በስልኬ ልቅዳው» አልኩት።

ጋሽ ሰይድ ሳቀ። «ፎቶውን አነሳኸው፣ አሁን ደግሞ ድምፁን። ወንድሜ፣ ለፔዳሉም እንደ እኛ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ልታወጣለት ነው?»

አቡ ቱርኪ ማካፈያውን ቤት ትቶት ስለመጣ ጊታሩን በቀጥታ ከፔዳሉ ጋር አገናኘና ክሩን መታ። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ጊታሩ ላይ ያለውን የድምፅ መቀነሻ ሲያዞረው ሻካራነቱ እየለሰለሰ ጠራ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አደረግህለት?»

«ምንም። ገና አልነካሁትም።»

ካውያውን ከሶኬት ነቀልኩ።

የጎደለው ማካፈያው ብቻ ስለነበር አቡ ቱርኪን አምጣው አልኩት፤ በማግስቱ አመጣው። ከፔዳሉ በፊት ሳደርገው ንቡ ተመለሰ፤ ከፔዳሉ በኋላ ሳደርገው ማሩ። ማካፈያው ድምፁን ከመክፈሉ በፊት ያበረታዋል። እንዲህ ያለ የድሮ ፔዳል ግን ደካማውን የጊታር ድምፅ በቀጥታ ከጊታሩ መቀበል ይፈልጋል፤ መሃል የሚያበረታ ነገር ከገባ ድምፁ ይሾላል። የእኔ የሙከራ መሣሪያም እንደ ማካፈያው ብርቱ ስለሆነ፣ ጤነኛውን ፔዳል በሽተኛ አስመስሎ አሳየኝ።

ሁለቱ አምፕሊፋየሮች አብረው ሲበሩ «እምም» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። አንዱን፣ ከሌላው በኤሌክትሪክ በሚነጥለው ባለ ትራንስፎርመር የማካፈያው መውጫ በኩል ሳገናኘው ጠፋ። ከዚያ በፔዳሉ ክዳን ውስጥ ቅደም ተከተሉን ጽፌ ለጠፍኩ፦ ጊታር፣ ፔዳል፣ ማካፈያ።

አቡ ቱርኪ ብዙ ተጫወተ። ሲሄድ ጋሽ ሰይድ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ! በከንቱ ላስነቅልህ ነበር እኮ» አለ። ቆይቶም «ያላ፣ ምንም ላልሠራህበት ቀን ሻይ ጋብዘን» አለኝ። ጋበዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ሥር አንድ ርካሽ ጊታር አለ። ዛሬም መጫወት አልችልም። የጊታር ፔዳል የሚመረመረው በጊታር ነው፤ ለዚያ ክሩን መምታት ይበቃል።