በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተጠበሰ ድንች

አቶ ቀለመወርቅን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከሞት ያተረፋቸው ድንች ነው። ከላስታ ተሰደው በድንቿ በምትታወቀው ገሳይ አጠገብ መንገድ ዳር ወድቀው ሳለ፣ እመቤቴ የምትባል ኮረዳ ለራሷ የጠበሰችውን ድንች ገምሳ አጎረሰቻቸው። ውለው አድረው ተጋቡ።

እመቤቴ ካረፈች በኋላ፣ ጸጉራቸው ከሸበተ፣ ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ልቦለድም ጀመሩ። ታሪኩ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው፤ አንዲት ኮረዳ ለተራበ መንገደኛ ድንች ትጠብሳለች።

መምህርት የሆነችው ልጃቸው ሜሮን ስታነበው ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?»

«አባዬ፣ ያኔ እኮ ድንች በአገራችን አልነበረም። የመጣው ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ነው።»

«ገሳይ ያለ ድንች?»

«ንጉሡም አልቀመሱትም!»

«ምስኪን!» አሉና አብረዋት ሳቁ። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ከፋቸው። ድንቹን መሰረዝ እመቤቴን ዳግም መቅበር መሰላቸው። ውሸት ጽፎ ማስነበብን ደግሞ ክብራቸው አልፈቀደም። ብዙ ሰንብተው ሰረዙት፤ ኮረዳዋም የገብስ ቂጣዋን አመዱን እፍ ብላ ለመንገደኛው ስታካፍል ጻፉ።

ሜሮን እስከ መጨረሻው አነበበችው። «እማዬ ናት» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እሷ ናት» አሉ አቶ ቀለመወርቅ። «ዋናው ነገር እሷም ርቧት ሳለ ማካፈሏ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚያም ዘመን አይጠፋም። እኔን የቸገረኝ፣ ብጽፍ ብጽፍ ተመልሳ አለመምጣቷ ነው።»