የእሁድ ልብስ አጠባ

ልጄን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መዋሸት ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። የመጀመሪያውን ረቡዕ ረቡዕ አመሻሽ ላይ በቁምስናችን፣ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ምድር ቤት፣ ከሰፈሩ የፈረንጅ ልጆች ጋር አስቀምጬ። ሁለተኛውን እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ኒው ሆፕ ከነበረው አፓርትመንታችን በር እስከ መኪናችን ድረስ ባለችው ሠላሳ እርምጃ።

እኔ ካቶሊክ ነኝ። አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት፤ አባቴ ዕድሜ ልኩን የቁምስናችን የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነበር። አሁን ስጽፈው እንዴት ይቀላል! በዘጠናዎቹ ሚኒያፖሊስ ግን ይህንኑ ለአንዲት ሴት መናገር አቅቶኝ ዐሥር ዓመት ኖሬአለሁ።

ሴትዮዋ ጓደኛዬ ናት፤ ጓደኛ ማለት እንኳ ያንስባታል። በጥር ብርድ አንዲት ሻንጣ ይዤ ስመጣ፣ ሳታውቀኝ በሰው በሰው ሰምታ ኤርፖርት የተቀበለችኝ፣ የራሷን ካፖርት አውልቃ ያለበሰችኝ፣ ናርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ሥራ ያስገባችኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማረችኝ እሷ ናት። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ይዛኝ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስንለባብስ አንገቴን አየችና «ውይ! ማተብሽስ?» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም። ከመሳቢያዋ ጥቁር ክር አወጣች፣ በጥርሷ በጠሰች፣ ከኋላዬ ቆማ አሰረችልኝ። «እዚህ አገር ያለ ማተብ ሰው ይጠፋል፣ እህት ዓለም» አለች። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔም እንደዚያው መስዬያታለሁ። «እኔ እኮ ካቶሊክ ነኝ» ለማለት አራት ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ሰጠኋት።

ለምን? እኔንጃ። አንድ ትዝታ ብቻ ነው ያለኝ። የሰፈራችን ሰው ሞቶ፣ እድር ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ቄሱ ዘገዩ። አንድ ሽማግሌ አባዬን «መምህር፣ እስቲ አንተ አባታችን ሆይ በልልን» አሉት። አባዬ ተነሣና ኮፍያውን አወለቀ። «ደስ ይለኛል፤ ግን ካቶሊክ ነኝ። ካላስቀየምኳችሁ ነው» አለ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ይቀመጥልን!» ሲል ተሰማ። አባዬም ተቀመጠና ንፍሮውን መብላት ቀጠለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ቤት ስንሄድ «ዝም ብለህ ብትጸልይ ምን ነበረበት?» አልኩት። «የልጅ ጆሮው ዓይኑ ነው። አንቺ እኮ እያየሽኝ ነበር» አለኝ። ያኔ አልገባኝም፤ ቢገባኝም ይቅር አልለውም ነበር።

እና እኔ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ላይ «እሁድ ሥራ ነኝ» እያልኳት በአውቶቡስ ሾልኬ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ከእሷ ጋር ነጠላዬን አጣፍቼ እቆማለሁ። ልጄ ስትወለድ ግን ይህ ውሸት አላስኬድ አለኝ፤ ማን ነው ሕፃን ይዞ ሥራ የሚገባ? (አባቷ ዳዴ ሳትል ሌላ ስቴት ሄዶ ቀርቷል፤ ስለሱ ቀለም አላባክንም።) ጓደኛዬ የምትኖረው ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንጻ ነው፤ መስኮቷ የእኛን መኪና ማቆሚያ ያያል። ስለዚህ ልብስ አጠባ ፈጠርኩ። የሕንጻችን ማሽን ዘወትር ብልሽት ስለማያጣው ነገሩ እውነት እውነት ይሸት ነበር። እሁድ ጠዋት ታጥቦ የታጠፈ ልብስ ቅርጫት ውስጥ እከትና፣ ከላይ አንድ የቆሸሸ ፎጣ ጣል አድርጌ፣ ልጄን በጥሩ ቀሚሷ ላይ ወፍራም ጃኬት ደርቤላት እወጣለሁ። ቅርጫቱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅዳሴ ይሄዳል፣ ከቅዳሴ ይመለሳል። ከስንቱ ካቶሊክ ይልቅ ያ ቅርጫት አስቀድሷል! አንዳንዴ ጓደኛዬ ሌሊት ሥራ አድራ ቤት ስትቀር በመስኮት አይታን ትወርድና «እግረ መንገድሽን ይቺንም» ብላ አንድ ከረጢት ልብስ ትጨምርልኛለች። ያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ የምር ላውንድሪ ገብቼ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ልጄንም አስጠናኋት። አራት ዓመት ሲሆናት እጇን ይዤ ወደ መኪናው እየሄድን «አክስትሽ የት ነበራችሁ ካለችሽ?» እላታለሁ፤ ጓደኛዬን አክስቴ ነው የምትላት። «ላውንድሪ ነበርን» ትላለች። «ጎሽ የኔ ልጅ!» ሚኒሶታ ተወልዳ፣ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ምላሷ ሳይተሳሰር አጥርታ የምትናገራት አማርኛ ይቺ ነበረች። ኮርቼባት ነበር እኮ፣ የኔ ነገር!

ስምንት ዓመት ሲሞላት፣ በካቶሊክ ወግ፣ የመጀመሪያ ቁርባኗ ደረሰ። ግንቦት ላይ ትቆርባለች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ኑዛዜዋን ትናዘዛለች። የቁምስናው ሲስተር፣ መነኩሲቷ፣ የልጆቹን ክፍል እንዳስተምር ለመነችኝና እሺ አልኳት። ጉራ አይሁንብኝና ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ። የአባዬን ድምፅ ነበር የማወጣው፤ ጥያቄ፣ መልስ፣ ደግሞ ጥያቄ። «ለኑዛዜ ሦስት ነገር ያስፈልጋል» አልኳቸው። «ኃጢአትን ማሰብ፣ ከልብ ማዘን፣ ዳግመኛ ላለመሥራት መቁረጥ።» ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛውን መታሁት። «ሳትቆርጡ አባ ዘንድ ብትሄዱ እግዚአብሔር ላይ መቀለድ ነው!» ልጆቹ አፍጥጠው አዩኝ። የኔዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ ከስንት ዓመት ስለት በኋላ ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ነበረች። ልጠይቃት ስገባ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ። ሌላ ማንን አምናለሁ?» አለችኝ። አለቀስኩ፤ ሳምኳት፤ እሺ አልኳት። ምን ቆርጦኝ ነው እሺ ያልኩት? በሰማንያ ቀኗ ቄሱ ፊት ሕፃኗን አቅፌ በኦርቶዶክስ ሃይማኖት አሳድጋታለሁ ልል ነው!

ማግስቱ እራት በልተን ዕቃ ሳጥብ ልጄ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ኑዛዜ እንደማትሄድ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ፕሮሚስ ማድረግ አልችልም» አለች። «ቅዳሜ ዳግመኛ አልዋሽም ብዬ፣ እሁድ ላውንድሪ ነበርን እላለሁ። ያ መቀለድ ነው። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። «እሱ እኮ ውሸት አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሂጂ ጥርስሽን ቦርሺ!» ብዬ ጮኽኩባት። ቦርሻ ተመልሳ መጣችና «ለአክስቴ ንገሪያትና እሄዳለሁ» አለችኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው! አባዬ ስለተናገረ ያፈርኩበት እኔ፣ ዝም ስላልኩ የምታፍርብኝ ልጅ ወለድኩ።

አባበልኳት፤ ቆጣሁ፤ ነጩን ቀሚስ ገዝቼ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩላት። ወይ ፍንክች። ኑዛዜው ሦስት ቀን ሲቀረው ልናገር ወስኜ መንገዱን ተሻገርኩ። ጓደኛዬ ሕፃኗን ስታጥብ ደረስኩ። «ነይ፣ ነይ፣ እናቷ መጣች!» ብላ እርጥቧን ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። የክርስትናዋን ቀሚስ አሳየችኝ፤ ለኔ ያሰፋችውን የሐበሻ ቀሚስም አወጣች። በወገቤ ለካችው። ዕቃዋን አጥቤላት፣ ሊታጠብ የተከመረውን የሕፃኗን ልብስ ሰብስቤ ተመለስኩ።

ልጄ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ነገርሻት?»

«ነገርኳት» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ምን አለች?» አለችኝ።

«ምን ትላለች? ደስ አላት።»

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! እኔ ደግሞ ለራሴ፣ ቅዳሜ ትናዘዝ፣ ሰኞ የምር እነግራታለሁ፣ ያኔ ውሸቱ እውነት ይሆናል አልኩ። አባዬ «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይል ነበር። የኔ ስንቅ ሦስት ቀን እንኳ አልደረሰም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ጃኬቷን ከደረቷ ከፍታ ሄደች፤ ቀሚሷን መደበቅ የለብንማ! አባ ጋ ገብታ ስትወጣ ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። አባ የሰጧትን የንስሐ ጸሎት ተንበርክካ ደገመች። ወደ ቤት ስንመለስ ያጠብኩትን የሕፃኗን ልብስ ለማድረስ ጓደኛዬ ጋ ጎራ አልን፤ ቅርጫቱን እኔ ይዣለሁ። እሷ ቀድማኝ ደረጃውን ሮጠች። ስደርስ በሩ ተከፍቷል፤ ልጄ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያደባለቀች ትንጣጣለች። «አክስቴ፣ ተናዘዝኩ! ፈርስት ኮንፌሽን! ግንቦት እቆርባለሁ፣ ቸርቻችን ትመጫለሽ አይደል?»

ጓደኛዬ ሕፃኗን አቅፋ ፈገግ አለች። «የቱ ቸርች ነው የኔ ቆንጆ?»

«ካቶሊክ ቸርቻችን! ማሚ ነግራሽ የለ?»

ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግታው ገና ከፊቷ አልጠፋም፤ ግራ ገብቷት ነው። ልጄ የእሷን ፊት አየች፤ ዞራ የኔን አየች። እንዳልነገርኳት ገባት። ገብቷት ሲያልቅ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ልጄ ወደ ጓደኛዬ ዞረችና በጠራ አማርኛ፣ ሳትንተባተብ፣ «ቀልዴን ነው። ላውንድሪ ነበርን» አለቻት።

ከተናዘዘች ሰዓት አልሞላትም። የዋሸችው ለኔ ስትል ነው።

ቅርጫቱን መሬት አስቀመጥኩ። «አልነበርንም» አልኩ። «ቤተ ክርስቲያን ነበርን። እኔ ካቶሊክ ነኝ። ከአዲስ አበባም ስመጣ ካቶሊክ ነበርኩ።»

ሕፃኗ ስትነጫነጭ ጓደኛዬ እሹሩሩ አለቻት። ከዚያ «ስንት እሁድ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሁሉንም።»

«እኔ ልብሴን ስልክስ?»

«ያኔም።»

ካቶሊክነቴን ብትሰድብ በተጣላኋት፤ አልሰደበችም። ሕፃኗን አልጋ ላይ አስተኛች፣ ልብሶቹን ከቅርጫቱ አንድ በአንድ አወጣች፣ ባዶውን ቅርጫት አንሥታ ሰጠችኝ። «ማተቡን ፍቺ አልልሽም፤ እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለች። «የልጄን ግን ሌላ ሰው ያስርላታል።» በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። በላዬ ወርውራ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

መኪናው ውስጥ ገባን። ልጄ ማልቀስ አላለቀሰችም። ወደ ፊት እያየች «ነግሬያታለሁ ብለሽኝ ነበር» አለች።

«ዋሽቼሽ ነው» አልኩ። ይህን ቃል ለልጄ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«እኔም ዋሸሁ። ፕሮሚስ አድርጌ ነበር። አሁን ተመልሼ ልሂድ?»

«አንቺ አይደለሽም የኔ እናት። ያንቺም የኔ ነው። እኔ ነኝ የምሄደው።»

«መቼ?»

«ሌላ ቀን...» ብዬ ጀመርኩና ፊቷን አየሁት። መኪናውን አዙሬ ወደ መጣንበት ድራይቭ አደረግሁ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ክፍት ነው፤ ውስጥ ግን ሰው የለም። ልጆቹ ሄደዋል። አባ የሚመለሱት ከማታው ቅዳሴ በፊት፣ ዐሥር ሰዓት ላይ እንደሆነ በሩ ላይ ተለጥፏል። ገና ሰባት ሰዓት አልሆነም።

«ነይ ቤት ላድርስሽ፣ ምሳሽን ብዪ» አልኳት። «ዐሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ እናዘዛለሁ። እውነቴን ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። «ኖ፣ ማሚ» አለች። አልተቆጣችም፤ የደከማት ትልቅ ሰው ትመስል ነበር። «ስትገቢ ማየት እፈልጋለሁ።»

ከኑዛዜው በር ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ መረጠችና ጃኬቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።