የገላታ ዘጠኝ አባቶች

ልጅ ሳለሁ እንደ ገላታ የቀናሁበት ሰው አልነበረም፤ የቀናሁበትም በበሬው ወይም በጫማው ሳይሆን በሙታኑ ነው። እኛ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተን ከአርጆ በታች፣ ወደ ዴዴሳ ቆላ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የሰፈርን ነን። አባቴ የመጀመሪያውን ክረምት እንኳ ሳይጨርስ በወባ ሞተ። ገላታ ግን የአገሩ ልጅ፣ የጎረቤታችን የኦቦ ጉደታ የልጅ ልጅ ነበር።

ያኔ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች ኦቦ ጉደታ ቤት እንሰበሰብ ነበር። እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ያስለቅሰን፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ እየተርገበገበ የሽማግሌውን ጥላ ግድግዳው ላይ ያወዛውዘው፣ እኛም ፍሙ ዳር የበቆሎ እሸት እየጠበስን ቀበሮ ጅብን ያታለለችበትን ተረት እንሰማ ነበር። ከተረቱ በፊት ግን ሕግ ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ አባቶቹን ይቆጥራል። ገላታ ደረቱን ነፍቶ «ገላታ ቶሎሳ፣ ቶሎሳ ጉደታ፣ ጉደታ ነገሮ፣ ነገሮ ዋቅጅራ» እያለ ሳይተነፍስ ዘጠነኛው አባቱ ላይ ይደርሳል። የእኔ ተራ ሲመጣ «ሰይድ አሊ፣ አሊ ይማም» ብዬ አቆማለሁ።

«ቀጥል እንጂ!» ይለኛል ገላታ። «ሌሎቹን ጅብ በላቸው እንዴ?»

«ተወው ኢልማኮ» ይለዋል አያቱ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «የእሱ አባቶች ራቁ እንጂ አልጠፉም።»

ይህ ማጽናኛ ከገላታ ሳቅ ይበልጥ ያቃጥለኝ ነበር። እናቴን ብጠይቃት «እሱን የሚያውቀው አባትህ ነበር» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም።

ከእነገላታ ቤት በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ከአያቱ በፊት የነበሩት ሰባቱ የገላታ አባቶች ተቀብረዋል። ያኔ መቃብሩ ሁሉ ድንጋይ የተከመረበት፣ ራስጌው ላይ እሬት የተተከለበት ነበር። ሽማግሌው የልጅ ልጆቹን እያዞረ «ይህ ነገሮ ነው፣ ያ ዋቅጅራ ነው» ሲል ከኋላ እከተላለሁ። ከዚያ ብቻዬን ተመልሼ በእርምጃ እለካለሁ። ኮረብታው አናት ላይ ካለው ዋርካ እስከ ነገሮ ሃያ ሁለት፣ ከነገሮ እስከ ዋቅጅራ ሰባት። ገላታ አንድ ቀን ሲሳሳት ልይዘው ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቆጥሬያለሁ። ኩንታል በመሸከም ጀምሬ ነቀምት ላይ የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆንኩት ሳንቲም ቆጥሬ ነው። ባለፈው ጥቅምት ገላታ፣ አሁን ሽበታም መምህር፣ ወፍጮ ቤቴ መጣ።

«ጉድ ሆኛለሁ ሰይድ» አለኝ፣ ሳይቀመጥ። «ልጆቼ ከአዲስ አበባ መጥተው መቃብሩ ዳዋ ለብሷል፣ እናጽዳው አሉ። አረም መስሏቸው እሬቱን አንድ ሳያስቀሩ ነቀሉት፤ ድንጋዩንም ለቅመው አጥር ሠሩበት። አሁን ደግሞ ስም ያለበት ችካል እንትከል ይላሉ። ማን የት እንዳለ ጠፋኝ።»

«እኔ ምን ላድርግህ?»

«አንተ የማትቆጥረው ነገር አለ እንዴ?»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። እስከ አርጆ ድረስ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እዚያ ስንደርስ ልለው ያሰብኳትን «ረሳሁት» የምትል ቃል አፌ ውስጥ እንደ ከረሜላ ሳገላብጣት ቆየሁ። ኮረብታው ላይ ስንደርስ ልጆቹ ችካላቸውን ታቅፈው ቆመው ነበር። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። ዘጠኝ አባት ያለው ገላታም እኔን ነው የሚያየው። ያ ብቻ በቂዬ መሰለኝና ዋርካውን ተደግፌ ጀመርኩ።

«ምነው እንደ ጫጩት ትራመዳለህ?» ብሎ ሳቀ ገላታ።

«ስለካው እግሬ አጭር ነበር።»

ሳቁን አቆመ። «የእኔን አባቶች? ለምን?»

«ስትሳሳት ልይዝህ።»

ሰባቱንም ችካል አስተከልኳቸው። የገላታ ሴት ልጅ ስሞቹን እየጻፈች፣ እየደጋገመች አጠናቻቸው፤ ቀናሁባት። ስንወርድ ገላታ ክንዴን ያዘኝና «በል፣ አሁን ደግሞ ወደ አባትህ ወደ አሊ እንሂድ» አለኝ።

ቆላውን ቁልቁል አየሁት። ከዳር እስከ ዳር በቆሎ ነው። አባቴንና በዚያ ክረምት የሞቱትን ሌሎች ሰፋሪዎች ከአንድ ዛፍ አጠገብ እንደቀበርናቸው አስታውሳለሁ፤ ዛፉ ዛሬ የለም። መቃብሩ ከቤታችን ደጅ ሩብ ሰዓት አያስኬድም ነበር። በየሳምንቱ የገላታን ኮረብታ ስወጣና ስወርድ ወደዚያ አንድ ቀን እንኳ በእርምጃ ለክቼ አልሄድኩም።

«ከየት እንጀምር?» አለኝ ገላታ።

ከተረቶቹ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ቀበሮዋ ጅቡን በምን እንዳታለለችው እንኳ አላስታውስም። ከነገሮ እስከ ዋቅጅራ ያለው እርምጃ ግን ሰባት ነው፤ በእንቅልፍ ልቤ ብትጠይቁኝም ሰባት ነው። ከየት እንደሚጀመር ባላውቅም፣ ገላታ ክንዴን እንደያዘ ወደ በቆሎው ወረድን።