ሱሪዬን ለብሳ

ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ ነው። ያለ ረዳት አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ የፓርኩ ሰዎች ማሳዬ አጠገብ የተከሉት ሰሌዳ ነበር፤ የዱር እንስሳ መግደል ያስቀጣል ይላል። ዝንጀሮው አያነብም፤ ግን ከኔ ቀድሞ ገብቶታል።

አምና ማንጎ ሳወርድ ከዛፍ ወድቄ ጭኔ ተሰበረ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው በቆሏችን ገና እሸት ነበር። ደርቆ ጎተራ ካልገባ ዓመቱን የምንበላው የለንም። ልጆቻችን ከተማ ገብተዋል፤ ስለዚህ ጥበቃው ሚስቴ ላይ ወደቀ።

ዝንጀሮ ደግሞ ሴት አይፈራም። ይህን የማያውቅ ገበሬ እኛ ዘንድ የለም። ቀሚስ ካየ ዞር ብሎም አያይም። እሷ ድንጋይ ትወረውራለች፣ እሱ እሸቱን ይልጣል።

ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ «ሱሪህን አልብሳታ! አንተ እንደሆንክ ተኝተሃል፣ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ።

ሱሪዬን፣ ኮቴንና ባርኔጣዬን ለብሳ ሄደች። መንጋው ከሩቅ ሲያያት ጫካ ገባ። ስትመለስ እንደ ወንድ እየተንጎራደደች ገባችና አሳቀችኝ። በማግስቱ ግን አንዱ ግልገል ሲጠጋ ጮኸችበት። በቃ፣ ድምጿን ሰሙ። አውራው ተመልሶ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ።

«ዝም ብለሽ ማባረር አቃተሽ?» አልኳት።

ባርኔጣውን ወረወረችብኝ። «ሱሪውን ሰጠኸኝ፤ ድምፁን ከየት ላምጣ? ና ራስህ ጩህ!»

በጋሪ ጭነው ወሰዱኝ። ስብራቱ ሱሪ አላስገባ ስላለኝ የሷን ሽርጥ አገልድሜያለሁ። ማሳው ዳር በምርኩዝ ቆሜ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። መንጋው ብድግ አለ፤ ደስ አለኝ። አውራው ግን አልሸሸም። ሽርጡን አየ፣ ምርኩዙን አየ። መራመድ እንደማልችል ሲገባው እሸት ሰብሮ መላጥ ጀመረ። ሌሎቹም ተመለሱ።

ጎረቤቴ ከራሱ ማሳ ሆኖ፣ «ወይ ጉድ! አሁን ከሁለታችሁ ወንዱ የቱ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አጥንቴ ድረስ ገባ።

ሚስቴ ኮቴን አውልቃ መሬት ላይ ዘረጋችና እሷም እሸት ትሰብር ጀመር።

«ምን ነካሽ? አልደረቀም እኮ! ጎተራ ቢገባ ይሻግታል!»

«እነሱ እስኪደርቅ ይጠብቁሃል?»

እሷ ከወዲህ ትሰብራለች፣ እነሱ ከወዲያ ይሰብራሉ። እኔ መሃል ቆሜ እጮሃለሁ።