የወፍጮው ሞተር የታጠበበት ክረምት

ባለቤቴ በሚያዝያ አረፈ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከሰፈሩ ራቅ ብላ የቆመች የናፍጣ ወፍጮ ትቶልኝ ሄደ። ያኔ መብራት ቡሬ እንጂ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ሞተሩን የሚይዝ እሱ ነበር፤ እኔ እህል እጨምራለሁ፣ ዱቄት እቀበላለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ጎረቤት እየመጣ ያስነሳልኝ ነበር። ሞተሩ ግን ጭሱ እየጠቆረ፣ ጉልበቱ እየከዳው ሄዶ ሐምሌ ላይ ጭራሽ እምቢ አለ። ሰዉም እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ቡሬ ዞረ።

ልጅ አልወለድንም። የባለቤቴ ታላቅ እህት ከተዝካሩ ማግስት፣ "ወፍጮውን ለወንድ ስጪው፤ አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ?" ብላኝ ነበር። አልሰጥም ስላት ተቀየመችና ደጄን መርገጥ ተወች። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የምሰማው በቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ጭቃውን እየረገጥሁ ቡሬ ወረድሁ፤ የባለቤቴ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ። ወገባቸውን ታመው መደብ ላይ ጋደም ብለዋል።

"ዘይቱ መቼ ተቀየረ?" አሉኝ።

"እሱ ከታመመ ወዲህ ማንም አልነካው።"

"እንግዲያ ውስጡ ጭቃ ሆኗል። ወገቤ ቢያስነሳኝ እመጣልሽ ነበር። ራስሽ ታጥቢዋለሽ።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን አለሽ?"

በክፋት አላሉትም፤ ቢሆንም አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ያስረዱኝ ጀመር። "ቤንዚን እንዳታስጠጊ፣ እሳት ነው። በናፍጣ ብቻ። ከሁሉ በፊት ቀበቶውን አውልቂ፣ የናፍጣውን መስመር ዝጊ። አሮጌ ሞተር በጥድፊያ አይታጠብም፤ የተጋገረው ቆሻሻ ባንዴ ከተራገፈ የዘይቱን መንገድ ይደፍነዋል። ከፍተሽ በእጅሽ ጥረጊው። ጨርቅ ውስጡ ረስተሽ እንዳትዘጊ ደግሞ።"

በማግስቱ የወፍጮ ቤቱን በር ወለል አድርጌ ከፈትሁና ጀመርሁ። አሮጌው ዘይት እንደ ማር እየተጎተተ ወረደ። የጎኑን ክዳን ስፈታ አንዷ ብሎን አስቸገረችኝ። "ይችን እንዴት ነበር የምትፈታት?" አልሁ ጮክ ብዬ። ብሎኗን ይዤ መልስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ማንን እንደጠየቅሁ ገባኝና ቁጭ አልሁ። እሱን ከቀበርን ወዲህ እንደዚያ አላለቀስሁም።

ብሎኗ በስንት ትግል ለቀቀች፤ ውስጡ ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ብረቱን እንዳልቧጭረው በእንጨት ፋቅሁ፣ በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ጠረግሁ፣ ዝቃጩን በጣሳ አወጣሁ። የዘይቱን ማጥለያ አጠብሁ፤ የጭስ ማውጫውንም ስፈታው በጥላሸት ታፍኖ አገኘሁት። ያስገባኋቸውን ጨርቆች አንድ ባንድ አውጥቼ ካየሁ በኋላ ክዳኑን ገጠምሁ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ። መስመሩን ከመክፈቴ በፊት ሞተሩን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርሁት። የሚይዘው ነገር የለም።

የማስነሻውን እጀታ መጀመሪያ ሳዞረው ዝም አለ። ደግሜ ሳዞረው አስነጠሰ። ሦስተኛው ላይ ተነሳ። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፤ እየቆየ ጠራ። ሥራ ሳልሰጠው፣ በዝግታ እንዲዞር ተውሁት።

ዞር ስል የባለቤቴ እህት በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ሮጣ ነው የመጣች። ዓይኗ እኔን አልፎ ወደ ሞተሩ ነው።

"ድምፁን ስሰማ እሱ መሰለኝ" አለች።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"አንቺ መሆንሽንማ አየሁ" አለችና ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሞተሩ እየጮኸ፣ እሷ በእሷ በኩል፣ እኔ በእኔ በኩል አለቀስን። ሳጠፋው ተነሳች። "በርቺ" ብላኝ ዝናቡ ሳይከብድ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በቆሎዋን እኔው ዘንድ ታስፈጫለች፤ ብዙ ግን አናወራም።

አዲሱ እህል ሲደርስ ሰዉ ተመለሰ። ሥራ ከበዛ ብቸኝነቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። ሞተሩ ሲሠራ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ዱቄቱን ጭኖ ወደየቤቱ ነው። መብራት እስኪገባ ድረስ በየክረምቱ ሞተሩን ከፍቼ አጥብ ነበር። እጄ ለመደ። ብሎኗንም ማንንም ሳልጠይቅ እፈታት ጀመር።