የቀኙ መቃን

ወንድሜ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነበር። አርባ ዓመት የሙታን ስም ሲቀርጽ ኖሮ ሥራው ጠባዩ ሆነ፤ አንዴ ያለው አለ ነው፣ ንቅንቅ የለም። ቤቱን ሲሠራ የበሩን ቀኝ መቃን ከአንድ ወጥ ድንጋይ ጠርቦ አቆመና «የዋሸ በዚህ ደጃፍ አይገባም» ብሎ ጻፈበት። ፊደሎቹ የጣት አንጓ ያህል ይጠልቃሉ። «ጋሼ፣ ይሄ ቤት ነው ፍርድ ቤት?» አልኩት። አልሳቀም።

ሚስቱ ቀድማ ስለሞተች አንዲት ልጁን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ልጅቷ በሃያ ዓመቷ፣ «ነርስነት እየተማርኩ ነው» እያለች ዓመቱን ሙሉ ፀጉር ቤት ስትሠራ መክረሟ ታወቀ። እኔማ ሳቄ መጣ፤ የእኔ የልጅነት ውሸት ቢጻፍ የግቢው አጥር አይበቃውም። እሱ ግን ደጃፉ ላይ አቆማትና በመሮው ጫፍ ጽሑፉን አሳያት። «ማንበብ ትችያለሽ» አላት። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። «አክስቴ፣ ያ ጽሑፍ እዚያ እያለ ያን ደጃፍ እግሬ አይረግጠውም» ብላኝ ሌላ ከተማ ገባች። ዘጠኝ ዓመት አልረገጠችውም። የማን ልጅ ሆና!

የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? ይኸው ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለ ሁለቱ ኪዳኖች ያስተምራል። አሮጌው በድንጋይ ላይ ተጻፈ፣ አዲሱ በልብ ላይ። አሮጌው «ፈጽምና ትኖራለህ» ይላል፣ አዲሱ «ተፈጽሞልሃል፣ ግባ» ይላል። ሰው እንባውን ይጠርጋል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ «ወይ አስተማሪ! የገዛ በርህን አታነብም?» እላለሁ በሆዴ።

ባለፈው ክረምት ሳል ያዘው። ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየ። «ሳንባዎን የድንጋይ ብናኝ በልቶታል» አለው። «ሥራውን ከተዉ ጥቂት ዓመት ይኖራሉ። አንድ ድንጋይ ቢጨምሩ ግን ክረምቱን አይሻገሩም።»

ስንመለስ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጽሑፉን ሲያይ ቆየ።

«በሲሚንቶ እንለስነውና ልጅቷ ትምጣ» አልኩት።

«ሲሚንቶ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። የድሮው የመሥዋዕት ደም እንደዚያ ነበር፤ በየዓመቱ ይረጩታል፣ የድንጋዩ ፊደል ግን ከሥር አለ።»

«እንግዲያው መቃኑን ንቀለዋ!»

«ጉበኑን የተሸከመው እሱ ነው፣ ቤቱ ይወርዳል። ደግሞ ሕጉ ምን አጠፋ? ውሸት ክፉ ነው።» ትንሽ ሳለና ቀጠለ። «የድንጋይ ጽሑፍ የሚጠፋው ፊቱን እስከ ፊደሉ ጥልቀት ፍቀው ሲያወርዱት ብቻ ነው።»

እኔ ሞኟ የሙያ ወሬ መሰለኝ።

በማግስቱ ስመጣ ደጃፉ በብናኝ ነጭ ሆኗል። ማለስለሻ ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ መቃኑን ከላይ ወደ ታች ይፍቃል። ከኪሱ የወጣው መሀረብ ላይ ደም አየሁ።

«አብደሃል እንዴ! ሕጉን ያወጣኸው አንተ፣ ትቼዋለሁ ብትል ማን ይከስሃል?»

«ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነዋ።»

«ሌላ ጠራቢ ልጥራልህ፣ በፈጠረህ!»

«የሌላ ሰው ሳንባ አይገባበትም። ለእሷም ትንፍሽ እንዳትዪ። ሲያልቅ ትመጣለች።»

ሦስት ሳምንት ያ የመፋቅ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ዝምታ። ዝም ባለ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። መሣሪያውን ብደብቅ ሌላ ያወጣል። «የዋሸ» ጠፋ፣ «በዚህ ደጃፍ» ጠፋ፤ እሱም ቀበቶው ሁለት ጊዜ የሚዞረው ሰው ሆነ። «አይገባም» የሚለው ብቻ ሲቀር ወደቀ። አልጋው ላይ አስተኛሁትና ግቢ ወጥቼ ለልጅቷ ደወልኩ።

«አባትሽ ሊያመልጥሽ ነው፣ ድረሽ!»

«ጽሑፉስ?»

አፌ አላመነታም። «ጠፍቷል። አንዲት ፊደል የለም።»

«እውነትሽን ነው አክስቴ?»

«እውነቴን ነው።»

ከኋላዬ የመኝታ ቤቱ መስኮት ክፍት መሆኑን ያየሁት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ገብቼ ባየው ዓይኑን ጨፍኗል። የተኛ መሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ልቀበላት መናኸሪያ ሄድኩ። ይዣት ተመለስኩ። ያችን የቀረችውን «አይገባም» ስታያት ምን ልላት ነው? ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ፣ በእኔ ውሸት ከደጅ ልትመለስ ነው።

ጋሼ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ፣ ከፀጉሩ እስከ እግሩ ነጭ ሆኖ፣ ማለስለሻ ድንጋዩ ጭኑ ላይ። መቃኑ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው። ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። እጁ ገና አልቀዘቀዘም ነበር፤ ትንፋሽ ግን የለም።

ልጅቷ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። «አልዋሸሽኝም አክስቴ» አለች።

ምን ልበላት! ጮኼ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ጎንበስ ብላ በብብቱ ያዘችው፣ እኔም እግሩን ያዝኩ። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠችውን ደጃፍ አባቷን ተሸክማ ገባች።